የሃምሳ አለቃ ነዚፍ ጉልበት

የነዚፍን ሞት የነገሩኝ አከራዩ ኣዴ ፈጡማ ናቸው። ጠዋት ሥራ ገብቼ ጀሶ እያቦካሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ሲስተር ነሽ?» አሉኝ።

ሲስተር አይደለሁም፤ የሰው ሠራሽ እግር ባለሙያ ነኝ። እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ በጅማ አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ቁጥሬን ከማን ስልክ ላይ እንዳገኙት ወዲያው ገባኝ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ነዚፍ ሄደብን። ለሱብሂ ሶላት አልተነሳም፤ ብናንኳኳም ዝም አለ። ልቡ ነው ይላሉ።» ከዚያ እንዳፈረ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን ሊያጥቡት ነው። እግሮቹን ምን እናድርጋቸው? ሁለት ናቸው።»

የሚያጥቡት ሼህ፣ እንጨትና ብረት የሰው ገላ አይደለም፣ አላህ እንዳስቀረው ሆኖ ይሄዳል ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን የመንግሥት ንብረት ይሆናል ብለው ፈርተዋል። ወደ ጎን አድርጓቸው፣ መጥቼ እወስዳለሁ አልኳቸው። ቀጥ ያለውን በኋላ አስተካክዬ ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ። የሚታጠፈው እስከ ዛሬ የሥራ ክፍሌ መደርደሪያ ላይ አለ።

ባጃጅ ይዤ ሰፈሩ በቾ ቦሬ ስደርስ ጀናዛው ወጥቶ ነበር። ተከትዬ መቃብሩ ዘንድ ስደርስ ደግሞ ወንዶቹ አፈሩን አልብሰው ዱዓ ላይ ነበሩ። ያካፋል። ብዙ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛ ሆኖ ከሚሠራበት የቡና መጋዘን የመጡ፣ የሰፈሩ ሰዎች፣ ከመስጊድ ጥቂት ሽማግሌዎች። ወንድሜ ብሎ የሚያለቅስ፣ አጎቴ ብሎ የሚደገፍ አላየሁም። ራቅ ብዬ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ «የሟች ምኑ ነሽ?» ብለው ጠየቁኝ። የሥራ ባልደረባው ነኝ አልኳቸው። ሌላ ቃል አጥቼ ነው እንጂ ውሸትም አልነበረም።

ከነዚፍ ጋር የተገናኘነው መንግሥት ለጦር ጉዳተኞች የሚሆን ሰው ሠራሽ ጉልበት በአገር ውስጥ ተጠንቶ እንዲሠራ በጀት በመደበ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ለተቆረጠ ሰው እኛ የምንሰጠው ቀጥ ያለ ምሰሶ ነበር። ሰውየው ሲሄድም አይታጠፍ፣ ሲቀመጥም አይታጠፍ፤ ወደፊት ተዘርግቶ ይቀራል። ከውጭ የሚመጡት የሚታጠፉት ደግሞ የተሠሩት ለደረቅ አስፋልትና ለወንበር ነው። የእኛን ጭቃ፣ የእኛን አቀበት፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ማለትን አያውቁም። ጥናቱ ይህን ሊያስቀር ነበር የታሰበው። ኢንጂነር አቤል የሚባል ወጣት መምህር ተመደበና ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ በኩል አንድ ወርክሾፕ ተሰጠው። እኔ ደግሞ ጭን በጀሶ ለክቼ እግር ማልበስ ስለምችል ከሆስፒታል በትውስት ተላክሁ።

እግሩን የሚሞክሩ የቀድሞ ወታደሮች በማስታወቂያ ተጠሩ። ለሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ እግሩ ምን እንዲያደርግላችሁ ትፈልጋላችሁ? አንዱ ዱላዬን ልጣል ይላል፤ ሌላው ቡናዬን ልልቀም፤ ሌላው ልጄን ተሸክሜ ልሂድ። ነዚፍ ግን፣

«መታጠፍ» አለ።

«መሄድስ?»

«መሄድማ በዱላም ይኬዳል። ሻለቃም ያስኬደኛል።»

ሻለቃ ያለው ያን ጊዜ ያደረገውን አሮጌ እግሩን ነው። ለምን እንደዚያ ብሎ እንደሰየመው ስጠይቀው «ለማንም አይታጠፍማ» አለኝ። አቤል ከት ብሎ ሳቀ። ነዚፍ አልሳቀም። ቀልዱንም ሐዘኑንም ለአለቃ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው በአንድ ድምፅ ነበር የሚናገረው።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር፤ እድሜያችን ተቀራራቢ ነው። ቤት ሲገባ የሰው ፊት አያይም፤ መጀመሪያ እግሩን የሚዘረጋበትን ቦታ ነው በዓይኑ የሚፈልገው። ስለዚህ ሁልጊዜ ዳር ነው። ሚኒባስ ውስጥ በሩ ጋ ይቀመጣል፤ ወራጅም ተሳፋሪም እግሩን እየተሻገረ ያልፋል። ለቅሶ ቤት የአግዳሚው ጫፍ የእሱ ነው። መስጊድ ደግሞ ከኋላ፣ መጎንበስ ካቃታቸው አረጋውያን ጋር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ። «ከአባቴ ጓደኞች ጋር ነው የምሰግደው» ይለኝ ነበር። «እነሱም እየሞቱ ነው። ሰልፉ ሳስቷል።»

እራቱን የሚበላው መጋዘኑ አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ነው። አንድ ሁለቴ ሳልፍ አይቼዋለሁ። ጥግ ይይዛል፤ ሻለቃ ጠረጴዛውን አልፎ ስለሚዘረጋ ፊት ለፊቱ ሰው መቀመጥ አይችልም። ቤቱ ቢሞላ እንኳ ያቺ ቦታ ባዶ ናት። አግብቶ ያውቅ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ጥሩ ሴት ነበረች» አለኝ። «ዝምታዬ አስፈራት።» ከዚያ በላይ አልነገረኝም፤ እኔም ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝና አልነዘነዝኩትም።

ሙከራው አድካሚ ነበር። ከወርክሾፑ ጀርባ ወደ ወንዝ የሚወርድ የቡና ተዳፋት አለ፤ በክረምት ቀዩ ጭቃ ሳሙና ይሆናል። ነዚፍ አዲሱን ጉልበት አድርጎ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወድቃል። ተመልሶ ሲመጣ ሸሚዙ ጭቃ ለብሶ በር ላይ ይቆምና ያስታውቃል።

«ወደቅሁ። ጥፋቱ የእግሩ ነው። ቁልቁል ላይ ቸኮለ።»

በሌላ ቀን ደግሞ፣ «ወደቅሁ። ዛሬ እግሩን አትውቀሱት። ሰው ሰላም ልል ዞሬ ነው።»

ሌሎቹ ሞካሪዎች አንዳንዴ እኛን ለማስደሰት ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ይላሉ። እሱ ለእግሩም ለራሱም አያዳላም። አቤል ማታ ማታ የእሱን ቃል ይዞ ጉልበቱን ይፈታል፣ ይቀይራል፣ ይገጥማል። ሁለቱ ብዙም ሳያወሩ ይግባቡ ነበር። አቤል አባቱን በልጅነቱ ያጣ ልጅ ነው፤ ነዚፍም ልጅ የለውም። ይህን ግን አንድም ቀን ሲነሳ አልሰማሁም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክፉኛ ወደቀና ግንባሩ ተሰነጠቀ። ሮጬ ስደርስ በጀርባው ተንጋሎ የቡናውን ቅጠል እያየ ነው። እጄን ዘረጋሁለት።

«ተዪኝ» አለ።

«ደም እየፈሰሰህ ነው እኮ።»

«ማሎ፣ እባክሽ፣ ሲስተር። ጎንበስ አትበዪ። ሂጂ፤ እመጣለሁ።»

ጎንበስ አትበዪ ያለበት ድምፅ የትእዛዝ ሳይሆን የልመና ነበር። ኩራት መስሎኝ ተናደድኩ። ዛፍ ለዛፍ እየተንጠላጠለ እስኪነሳ ድረስ ራቅ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት።

ጉልበቱ ተስተካክሎ ያለቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ቀኑ አርብ ነበር። አቤል የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ «እስኪ ሃምሳ አለቃ፣ ያልከውን ሞክረው» አለው። ነዚፍ ጥጉ ላይ የነበረ ንጹሕ ካርቶን አነጠፈና ወደ ቂብላ ዞሮ ቆመ። ለሩኩዕ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ። ከዚያ ሁለቱንም ጉልበቱን አጠፈና ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ። እኔና አቤል ከወገቡ በታች ነበር የምናየው፤ ጉልበቱ ይይዘው እንደሆነ። ያዘው። ነዚፍ ግን ቀና አላለም። ቆየ። ተጣብቆበት ይሆን ብዬ አንድ እርምጃ ስራመድ አቤል ክንዴን ያዘኝ። የነዚፍ ትከሻ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ሲጨርስ ተነስቶ ካርቶኑን በጥንቃቄ አጠፈ። «ምነው ቆየህ?» አልኩት።

«መሬቱ ናፍቆኝ ነበር» አለ።

ከዚያ አርብ በኋላ መስጊድ ውስጥ ከፕላስቲክ ወንበሩ ተነስቶ ከእኩዮቹ ጋር መሐል ገባ። አዲሱን እግር «ልጅ» ብሎ ጠራው። ሻለቃ አልጋ ሥር ገባ።

በጀቱን የመደበው መሥሪያ ቤት ሥራውን የሚገመግም ቡድን የላከው በዚያ ሰሞን ነው። ወርክሾፑ ተጠረገ፤ አቤል ከረቫት አሠረ። የቡድኑ መሪ ትሑት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። አቤልን ብዙ ጠየቀው፤ መልሱንም በጥሞና ሰማ። በመጨረሻ ነዚፍ ተራመደ፣ ደረጃ ወጣ፣ ወረደ። መሪው ሲጽፍ እስክሪብቶው ከእጁ አምልጦ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ነዚፍ ማንም ሳይቀድመው ጎንበስ አለ፤ ጉልበቱን አጥፎ ጠረጴዛው ሥር ገባና እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰጠው። ሰውየው እስክሪብቶውን ሳይሆን ጉልበቱን ነው ያየው። ሁሉም አጨበጨቡ። አንዲት የቡድኑ አባል እንባዋን ጠረገች። ያን ቀን አቤል ምሳ ጋበዘን፤ ስለሚቀጥለው ዓመት ሲያወራ ዋለ።

የሚቀጥለው ዓመት አልመጣም። ውሳኔው የተነገረን በስልክ ነው፤ በጀቱ ወደ ሌላ ዞሯል። የቆሰለው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም እግር እየጠበቀ ነው። በጥናት ጊዜ ከማጥፋት በተመደበው ገንዘብ የተዘጋጀ እግር ከውጭ ገዝቶ ቶሎ ማዳረስ ይሻላል ተባለ። አቤል ስልኩን ዘግቶ ቁጭ አለ። እኔ ተናድጄ ብዙ ተናገርኩ። ነዚፍ ሁላችንንም አዳመጠና፣

«እኛ ጉልበት ስናጥፍ እነሱ በጀቱን አጠፉ» አለ። ከዚያ ደግሞ ቀልዱን ራሱ አፈረሰው። «ልክ ናቸው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያ እወስን ነበር። በየሆስፒታሉ ክራንች ላይ ያለውን ልጅ አይቼዋለሁ። እንዲህ ረቂቅ ነገር እስኪጠና ቆይ አይባልም።»

«ታዲያ አይከፋህም?» አለው አቤል።

«ይከፋኛል። ልክ መሆናቸው መከፋቴን አያስቀረውም።»

ወርክሾፑ ለሌላ ሥራ ተሰጠ። አቤል አዲስ አበባ ሥራ አገኘ። ሊሄድ ሲል ነዚፍን ጠርቶ እውነቱን ነገረው። ጉልበቱ ውስጥ ግፊቱን የሚይዝ ጎማ አለ፤ ያ ጎማ በታጠፈ ቁጥር ይበላል። ራሳቸው ቀርፀው ያወጡት ስለሆነ ገበያ ላይ አይገኝም፤ የሚሠሩበት ማሽንም ተነስቷል። «እስኪያልቅ ድረስ ነው፣ ሃምሳ አለቃ» አለው። ነዚፍ ትከሻውን አቅፎ «ጋላቶሚ፣ ልጄ» ብሎ አመሰገነው። ጅማ ውስጥ ነዚፍ ሰው ሲያቅፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ወደ ሆስፒታሌ ተመለስኩ። ከሳምንታት በኋላ በመስጊዱ በኩል ሳልፍ ሰው ከጁምዓ ሲወጣ ነዚፍን አየሁት። ሻለቃን አድርጓል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው የወጣው።

«ተበላሸ እንዴ?» አልኩት።

«ደህና ነው። በጋቢ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።»

«ለምን? ስገድበት እንጂ።»

«አላህ በወንበርም ይቀበለኛል። እሱ ያውቃል።» መንገዱን ተሻግሮ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ነበረው። «የቀረውን መታጠፍ ለአንድ ሰው ነው ያቆየሁት።»

ከዚያ ነገረኝ። የተወለደው በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ያለችው አሰንዳቦ ነው። ታደለ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ አንድ ቀን የተመዘገቡ፣ አንድ ምሽግ ውስጥ ያደሩ። ነዚፍ ፈንጂ የረገጠ ቀን ሌሎቹ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ታደለ ተመለሰ።

«ሊያነሳኝ ጎንበስ አለ» አለ ነዚፍ። «ጎንበስ እንዳለ መቱት። እላዬ ላይ ነው የወደቀው።»

የቡናው ተዳፋት ላይ ጎንበስ አትበዪ ብሎ የለመነኝን አስታወስኩና አንገቴን ደፋሁ።

«እናቱ አሉ» አለኝ። «እማማ በለጡ። እኔን ከእሱ ለይተው አያውቁም፤ ቆሎውንም እኩል ነው የሚያካፍሉን። ከቆሰልኩ ጀምሮ አሰንዳቦን ረግጬ አላውቅም። በመንገዱ ሳልፍ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ልጃቸው እኔን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ሞቶ፣ እኔ ፊታቸው እንደ ግንድ ተገትሬ ልነግራቸው? ጉልበታቸውን ሳልስም?»

«በሕይወት ይኖራሉ?»

«ይኖራሉ። ከመንገድ ሰው እየጠየቅሁ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«እፈራለሁ» አለ። «እስከ ዛሬ እግሬን አሳብቤ ነበር። አሁን እግሩ አለ፤ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ።»

አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። ልጅን የሚገጥምለት ሰው ያስፈልገው ነበርና «ቶሌ» ብሎ ተስማማ።

የሄድነው ቡና በሚሰበሰብበት ወር ነው። እሱ ሻለቃን አድርጎ እንደ ልማዱ በሩ ጋ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው ልጅን በጋቢ እንደተጠቀለለ ታቅፌ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ወደ ጋቢው እያየች «ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ። ነዚፍ ቀድሞኝ ሳይዞር «ወንድ ነው» አላት። ሴትዮዋ አላህ ያሳድገው ብላ መረቀችን። ነዚፍ «አሚን» አለ። 

አሰንዳቦ ወርደን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ ዋርካ ሥር እግሩን ቀየርኩለት። ቀበቶውን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቁልቁል የሚወስደውን መንገድ ያዝን። እማማ በለጡ ደጃፋቸው ላይ ናቸው፤ ሰሌን ላይ የተሰጣ ጀንፈል ቡና በእጃቸው እያገላበጡ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። በጣም አርጅተዋል። ቀና ብለው አዩን፤ አልተነሱም።

ነዚፍ ፊታቸው ቆመ። «እማማ፣ ነዚፍ ነኝ» አለ። ከዚያ ጉልበቱን አጠፈ፤ በቀስታ፣ ልክ እንደዚያ አርብ። ጉልበታቸውን ሳመ፤ ግንባሩን እዚያው እንዳስደገፈ ቀረ። እማማ በለጡ ቡናው የለበሰ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ።

«አወቅሁህ» አሉ። «ከመንገዱ ስትታጠፍ አወቅሁህ። ሞተሃል ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልተቀበልኩም።»

«መምጣት አቃተኝ፣ እማማ። እግሬ አይታጠፍም ነበር። ጉልበትዎን ሳልስም ፊትዎ መቆም…»

«ለዚህ ነው የቆየኸው?»

«አዎ።»

እጃቸውን ከራሱ ላይ አነሱ። ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«የታደለን መርዶ ቀበሌ ጠርተው በወረቀት ነው የሰጡኝ፣ ነዚፍ። ማንበብ አልችልም፤ የማላውቀው ጎረምሳ ነው ያነበበልኝ። አብሮት የነበረ ሰው ይመጣል፣ በአፉ ይነግረኛል እያልኩ ይህን መንገድ ሳይ አረጀሁ። አንተ እግር ስታሠራ ኖረሃል። ማን ተንበርከክ አለህ? መሬት ለመሬት እየተሳብክ ብትመጣስ ምን ነበረበት?»

ነዚፍ ሊነሳ ሞከረ፤ ያን ጊዜ ከጉልበቱ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎማው አለቀ። እንደታጠፈ ቀረ። እኔ ወደ እሱ ስራመድ እማማ በለጡ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ተዪው።»

ዱካውን ገፍተው፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ ቀስ ብለው ወርደው ሰሌኑ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። ቡናውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉለት። «በል ንገረኝ» አሉት። «ከመጀመሪያው።»

እኔ ወደ አጥሩ ሄድኩ። የተናገረውን አልሰማሁም። አልፎ አልፎ ስዞር ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው፣ እሱ እያወራ፣ አራት እጅ ቡናውን ሲያገላብጥ አያለሁ። አንድ ጊዜ እሳቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እሱ ማውራቱን አላቆመም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠሩኝና እግሩን ቀይሬለት ተነሳ።

ጉልበቱ ከዚያ ወዲያ አልሠራም። ነዚፍ ግን በየቅዳሜው በሻለቃ አሰንዳቦ ይሄድ ጀመር። ጣሪያቸውን አስጠገነ፤ ቡናቸውን አስለቀመ፤ ራቱን ከእሳቸው ጋር በልቶ ይመለሳል። ስለዚህ ነገር ለሰው አያወራም፤ ኣዴ ፈጡማም የት እንደሚሄድ አያውቁም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እግሩን ለማስተካከል መጥቶ ሳለ፣ እሳቸው ዘንድ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ እንዳለ ጠየቅሁት።

«ምድጃው ድረስ እዘረጋዋለሁ» አለኝ። «እየተሻገሩኝ ነው የሚሠሩት። አንዳንዴ ይረግጡኛል፤ አይሰማኝም፤ ይቅርታ ይሉኛል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያ የሆነው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ክረምቱን አልጨረሰውም።

የተቀበረው አርብ ነው። ከመቃብሩ ተመልሼ ቤቴ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው እማማ በለጡ ትዝ ያሉኝ። መሞቱን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ ስልክም የላቸውም። ነገ ቅዳሜ ነው፤ መንገዱን ያያሉ።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። እማማ በለጡ በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ከሩቅ አዩኝ። ከኋላዬ ተመለከቱ፤ እንደገና ተመለከቱ፤ የሚከተለኝ ሰው አልነበረም። እኔ ሳልደርስ በምርኩዛቸው ተደግፈው ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አዘቅዝቀው ለበሱ።

ፊታቸው ደርሼ ቆምኩ። 

«አውቄዋለሁ» አሉኝ። ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። «ግን በአፍሽ ንገሪኝ።»

ተቀምጬ ነገርኳቸው።